ጭሱ ከሳንባ አልፎ ልብና አንጎል ላይ ሲደርስ

የጓዳ ጭስ ምን ይጎዳል ቢባል አብዛኞቻችን ዓይንና ሳንባ እንላለን። ጭስ ያስለቅሳል፣ ያስላል፤ ዓመታት ሲቆይም ደረት ያፍናል። መልሱ ልክ ነው፤ ትልቁን ጉዳት ግን ይዘለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና ላምባ በየቤቱ በሚለቁት ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ 32 በመቶውን የገደለው የልብ ደም ሥሮች መጥበብና መዘጋት ነው። 23 በመቶውን የወሰደው ደግሞ ስትሮክ ነው። የሳንባ ምችና መሰል ኢንፌክሽኖች 21 በመቶ፣ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ 19 በመቶ ይዘዋል፤ የቀሩት በሳንባ ካንሰር የሞቱ ናቸው። ጭሱ የገባው በአፍንጫ ነው፤ መጀመሪያ ያገኘውም ሳንባን ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን የሞቱት በልብና በአንጎል ደም ሥር ሕመም ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ10 ቤተሰብ ከ9ኙ በላይ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በሌላ ጠጣር ማገዶ ነበር። በዚያው ዓመት የተካሄደው የትምባሆ ጥናት ደግሞ ከ100 አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የሳንባና የልብ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ተጠያቂው በአብዛኛው ሲጋራ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ እናት በ50 ዓመቷ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት፣ ከዚያም አንድ ጠዋት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ሲላት፣ መንስኤው የት እንዳለ የሚጠይቃት ሰው እምብዛም የለም። ስለ ልብና ስለ ስትሮክ የሚሰጠው የጤና ትምህርት ጨውን፣ ቅባትን፣ ጭንቀትን ያነሳል። ጭስ የሚነሳው ስለ ሳል ሲወራ ነው። ይህ ክፍፍል መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ከሥሩ ላስረዳ።

እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት እናስብ። ምጣዱ በጉልቻ ላይ ተጥዷል፤ ከሥሩ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ኩበት ይነዳል። ጋጋሪዋ ምጣዱን በማሰሻ ታሰሳለች፣ ሊጡን ታዞራለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች። እሳቱ ሲደክም ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሞልታ እፍ ትላለች። ጭሱ እጅግ የሚበረታው በዚያች ቅጽበት ነው፤ እሷም ለቀጣዩ እፍታ ከዚያው ጭስ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ትስባለች። አንድ ሞሶብ ለመሙላት ይህን ደጋግማ ታደርገዋለች፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ብዙ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ታዝሏል።

ከጭሱ ውስጥ ዓይን የሚያቃጥለው ክፍል እጅግ አደገኛው አይደለም። አደገኛው የማይታየው ነው፦ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ስፋት ያላቸው ብናኞች፣ ማለትም ከፀጉር ዘንግ ከ20 ጊዜ በላይ የሚቀጥኑ። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሯቸውም፤ ሳንባ ውስጥ አየርና ደም እስከሚገናኙበት ከረጢት ድረስ ይዘልቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካይ መጠናቸው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በኢትዮጵያ ማድ ቤቶች በተደረጉ ልኬቶች የተገኘው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ከሰል ጭሱ አነስተኛ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል፤ ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይለቃል። ይህ ጋዝ ከቀይ የደም ሴል ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ደሙ በቂ ኦክስጅን ይዞ ወደ ልብ እንዳይደርስ ያደርጋል።

ሳንባና ልብ አብረው እንደሚታመሙ ሐኪሞች ካወቁ ቆይተዋል፤ ያከራከረው ለምን የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን በ1846 ሰው በአንድ ትንፋሽ ሊያወጣ የሚችለውን አየር የሚለካ መሣሪያ ይፋ አደረገ። ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለክቶ የአየሩ መጠን ማነስ የሞት መቅረብን ሊጠቁም እንደሚችል ተከራከረ፤ የሕይወት መድን ድርጅቶች እንዲጠቀሙበትም ይፈልግ ነበር። ብዙ ሰሚ አላገኘም። ከመቶ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ በ1948 የተጀመረውና የልብ ሕመም መንስኤዎችን በመለየት የታወቀው ጥናት የነዋሪዎቹን ትንፋሽ ጭምር ለካ። በ1983 የወጣው ውጤት የሃቺንሰንን ሐሳብ ደገፈ፦ ትንፋሻቸው ያነሰ ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመም ይበልጥ ይያዛሉ።

በመካከሉ የለንደን ጭጋግ መጣ። ከታኅሣሥ 5 እስከ 9፣ 1952 ድረስ የድንጋይ ከሰል ጭስ በብርድ ታፍኖ ከተማይቱን ሸፈነ። መጀመሪያ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተነገረ፤ በኋላ የተደረገ ስሌት 12,000 ገደማ አደረሰው። ሟቾቹ የሳንባ ሕሙማን ብቻ ሳይሆኑ የልብ ሕሙማንም ነበሩ። በ1993 ደግሞ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በስድስት የአሜሪካ ከተሞች ከ8,000 በላይ አዋቂዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትለው፣ አየሩ እጅግ በተበከለው ከተማ የመሞት አደጋው ከንጹሑ ከተማ በ26 በመቶ እንደሚበልጥ አሳዩ። የሲጋራ ልዩነት ታስቦ እንኳ ውጤቱ አልጠፋም።

ተጠራጣሪዎች ግን ጠንካራ ጥያቄ ነበራቸው። ሲጋራ ሳንባንም ልብንም ይጎዳል። ድህነትም፣ እርጅናም እንዲሁ። ታዲያ ሁለቱ ሕመሞች አንድ አባት ያላቸው ወንድማማቾች ቢሆኑስ? አንዱ ሌላውን ወለደ የሚባለው በምን ማስረጃ ነው? ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት ብዙ የልብ ሐኪሞች የሳንባውን ሕመም እንደ ጎረቤት ጉዳይ ያዩት በዚህ የተነሳ ነው።

መልሱ ቀስ በቀስ ከሕሙማኑ መጣ። በአሜሪካና በካናዳ መለስተኛ የአየር ቧንቧ መጥበብ ያለባቸውን 5,887 አጫሾች የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሆስፒታል ከገቡት 42 በመቶው የገቡት በልብና በደም ሥር ሕመም ነው። በሳንባ ሕመም የገቡት ከዚያ በብዙ ያንሱ ነበር። ከ6,000 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት በሌላ ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ሙከራ ደግሞ ከሞቱት 27 በመቶው በልብና በደም ሥር፣ 35 በመቶው በመተንፈሻ አካል ሕመም እንደሞቱ ተረጋገጠ። የሳንባ ሕሙማን ተብለው ከተመዘገቡት ሟቾች ከአራት አንዱን የገደለው ልብ ወይም ደም ሥር ነበር ማለት ነው። አስምም ከዚህ ነፃ አይደለም፦ 6,792 አሜሪካውያንን በተከታተለው ጥናት፣ ዘወትር መድኃኒት የሚያስፈልገው አስም ያለባቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው አስም ከሌለባቸው 1.6 እጥፍ ነበር። በአንጻሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚነሳ አስም ያላቸው ሰዎች ላይ ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል፤ የሚያሰጋው ሳይበርድ የሚኖር የሳንባ ቁጣ ነው።

ይህ ቁጣ በሰውነት ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲኦፒዲ የሚሉትን፣ የአየር ቧንቧዎች ለዘለቄታው የሚጠቡበትን ሕመም እንውሰድ። ብናኝ የገባበት ሳንባ መከላከያ ሴሎችን ይጠራል። ሴሎቹ የሚያመነጩት ኬሚካል እዚያው አይቀርም፤ ወደ ደም ያልፋል። ከደሙ ጋር ሲዞር የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣል። ሽፋኑ ሲቆጣ ስብ ይይዛል፤ የተጋገረው ስብ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም እዚያው ላይ ይረጋል። ይህ በልብ ደም ሥር ላይ ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም ይሆናል። በአንገት ወይም በአንጎል ደም ሥር ላይ ከሆነ ስትሮክ ነው። በተጨማሪም ብናኙ የደም ሥሮችን መኮማተር የሚያዝዘውን ነርቭ ስለሚያነቃ ደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ግፊት ደግሞ የስትሮክ ዋናው መንስኤ ነው።

ሌላው መንገድ በቀጥታ በቀኝ ልብ ላይ ይመጣል። ሳንባ ኦክስጅን ባጣበት ቦታ ያሉ ደም ሥሮቹን ያጠባል፤ ደሙ አየር ወዳለበት ክፍል እንዲሄድ ለማድረግ ነው። ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ችግሩ በጥቂት ቦታ ሲሆን ነው። ሳንባው በሙሉ ሲጎዳ ግን ደም ሥሮቹ ሁሉ ይጠባሉ፤ ቀጭን ግድግዳ ያለው ቀኝ ልብም በጠባብ ቱቦ ደም እንዲገፋ ይገደዳል። ለዓመታት ይወፍራል፣ በመጨረሻም ይደክማል። እግር ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ የአንገት ደም ሥር ይገተራል። ሐኪም ቁርጭምጭሚት አካባቢ በጣቱ ተጭኖ ሲያነሳ ጎድጎድ ያለ ምልክት ሲቀር የሚያየው ይህን ነው። በሕክምና ስሙ ኮር ፑልሞናሌ ይባላል። ሰውነት ኦክስጅን ሲያጣ ቀይ የደም ሴል ስለሚያበዛ ደሙ ይወፍራል፤ የወፈረ ደም ለመርጋት ቅርብ ነው። የላይኛው የልብ ክፍል ሲለጠጥም ምቱ ሊዛባ ይችላል። ምት የተዛባበት ልብ ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ አንጎል ሲደርስ ስትሮክ ያመጣል።

እዚህ ላይ ስለ ደጋ አንድ ነገር ማለት ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ የሚይዘው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የጤነኛ ደገኛ ሰውነት ይህን የሚቋቋምበት መንገድ ሳይንቲስቶችን ሲያስደንቅ ኖሯል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አምባራስ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው የኦክስጅንና የሄሞግሎቢን መጠን ከቆላ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይታለች። ግን ይህ የጤነኛ ሳንባ ታሪክ ነው። ሳንባው በጭስ ለተጎዳ ሰው ደጋው ተጨማሪ ጫና ነው፤ ቆላ ቢሆን ኖሮ ዘግይቶ የሚደርስበት የኦክስጅን እጥረት ቀድሞ ይደርስበታል። የሳንባ ሕመምተኛ ከደብረ ብርሃን ወደ አዋሽ ወርዶ ትንፋሹ ሲቀለው መንፈሱ ብቻ አይደለም የታደሰው።

ሳንባ ነቀርሳም እዚህ ውስጥ ቦታ አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል። መድኃኒቱ በስድስት ወር ያልቃል፣ አክታው ነፃ ይሆናል፣ ሕመምተኛው ድኗል ተብሎ ከመዝገብ ይወጣል። ባክቴሪያው ጠፍቷል፤ ጠባሳው ግን ይቀራል። ጠባሳ ያለበት ሳንባ አየር ቧንቧው ይጠባል፣ ደም ሥሩም ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላ የቀኝ ልብ ድካም የሚገጥማቸው አሉ። የዓለም ተመራማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ለብቻው የመጀመሪያውን ጉባኤ ያደረጉት በ2019 በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ነቀርሳው ለበዛበት አገር ዘግይቷል። ከነቀርሳ የዳነ ሰው ሕክምናውን በጨረሰበት ዕለት አንዴ ትንፋሹ ቢለካ፣ ግፊቱም ቢታይ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ተመራማሪዎችን ይበልጥ ያሳመነው የጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። ሲኦፒዲ ያለበት ሰው በመካከሉ ይብስበታል፤ ጉንፋን ይይዘውና ሳሉ ይጠነክራል፣ አክታው ቀለም ይለውጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል። የልብና የደም ሥር አደጋ ባለባቸው ከ16,000 በላይ የሲኦፒዲ ሕሙማን ላይ የተሠራና በ2018 የታተመ ትንተና እንደሚያሳየው፣ ሕመሙ ከተባባሰ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ3.8 እጥፍ ይጨምራል። መባባሱ ሆስፒታል የሚያስተኛ ከሆነ ደግሞ በ10 እጥፍ ገደማ። ሳንባው ጤነኛ በሆነ ሰውም ቢሆን ነገሩ ይታያል። በ2004 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ በደረት ኢንፌክሽን ከታመሙ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም በ5 እጥፍ፣ ስትሮክ በ3 እጥፍ እንደሚጨምር አገኘ። የእንግሊዙ ጥናት አንድን ሰው ከራሱ ጋር ነው የሚያነጻጽረው፦ በታመመበት ሳምንትና ባልታመመበት ሳምንት። ድህነቱም፣ ሲጋራው፣ ዕድሜውም ያው ነው። የተለወጠው ሳንባው ብቻ ነው። አንድ አባት ያላቸው ወንድማማቾች ናቸው የሚለው ክርክር በዚህ ብዙ ኃይሉን አጣ። ሙሉ በሙሉ አልተረታም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፦ ጭስና ሲጋራ ሁለቱንም ይጎዳሉ፣ የተጎዳ ሳንባም በራሱ ልብን ይጎዳል።

ታዲያ ጭሱን ብንቀንስ ልብ ይድናል? እዚህ ላይ እውነቱ ከምኞታችን የተወሳሰበ ነው፤ ደብቆ ማለፍም ተገቢ አይሆንም። አየርላንድ በ1990 ደብሊን ውስጥ ጭስ የሚያበዛ የድንጋይ ከሰል እንዳይሸጥ ከለከለች። በ2002 የታተመ ጥናት ከክልከላው በኋላ በመተንፈሻ አካል ሕመም የሚሞቱት በ15 በመቶ፣ በልብ ሕመም የሚሞቱት በ10 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን ዘገበ፤ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ያው የምርምር ወገን በ2013 ቁጥሩን እንደገና ሲመረምር ግን የመተንፈሻው ቅነሳ ሲጸና፣ የልቡ በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ ከነበረው መሻሻል ተለይቶ ሊታይ አልቻለም። የራስን ትልቅ ግኝት እንዲህ አድርጎ መፈተሽ ክብር የሚገባው ሥራ ነው።

በጓቴማላ ሳን ማርኮስ ደጋ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ የተሰጣቸው፣ ዕድሜያቸው ከ38 በላይ የሆኑ ሴቶች ላይኛው የደም ግፊታቸው በ3.7፣ ታችኛው በ3 ነጥብ ዝቅ አለ። ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ ላይ ቢሆን ግን ብዙ ስትሮክ ያስቀራል። በቻይና ከ270,000 በላይ ገጠሬዎችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ በጠጣር ማገዶ የሚያበስሉ ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ20 በመቶ እንደሚበልጥ፣ ወደ ንጹሕ ማገዶ የተዛወሩት ደግሞ የተሻሉ እንደነበሩ አሳየ። በሌላ በኩል በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ በ3,200 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተካሄደው ትልቅ የጋዝ ምድጃ ሙከራ ጭሱን በእጅጉ ቢቀንስም፣ በሕፃናቱ የልደት ክብደት ላይ ልዩነት አላመጣም፤ የእናቶቹ ግፊትም እንደተጠበቀው አልወረደም።

ለዚህ አንዱ ማብራሪያ ጉዳቱ የሚያድግበት መንገድ ነው። የልብ አደጋ ከጭሱ መጠን ጋር እኩል እየተራመደ አይወጣም፤ ከንጹሕ አየር ተነስቶ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ጭሱ ቢበዛም ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ሲጋራም እንዲሁ ነው፦ በቀን 20 የሚያጨስ ሰው ወደ 10 ቢያወርድ ልቡ በግማሽ አይድንም። ስለዚህ በጭስ የታፈነ ማድ ቤት ጭሱ በግማሽ ቢቀንስ ዓይንና ሳል ይሻሻላሉ፣ ልብ ግን ያን ያህል አይጠቀምም። ልብ የሚጠቀመው አየሩ ንጹሕ ወደ መሆን ሲጠጋ ነው። ከስሚንቶና ከአሸዋማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃና ላቀች የከሰል ምድጃ ለኢትዮጵያ ቤቶች ውለታ የዋሉ ናቸው፤ ማገዶ ይቆጥባሉ፣ ከጉልቻ የተሻሉ ናቸው፣ ሴቶች እንጨት ፍለጋ የሚንከራተቱበትን ጊዜ ያሳጥራሉ። ማገዶ መቆጠብና አየር ማንጻት ግን አንድ አይደሉም። ለልብና ለስትሮክ ከታሰበ መድረሻው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው ብዬ ለመናገር አላመነታም፤ ዋጋውንና ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚወስደውን ኃይል የሚችል መስመር ለቤተሰቡ ማድረስም የጤና ወጪ ተደርጎ መታየት አለበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ከሰል የሚመለስ ቤት ደግሞ ሙሉ ጥቅሙን አያገኝም።

እስከዚያው በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ የሚችል ብዙ ነገር አለ፤ የሚጀምረውም ትንፋሽ ማጠርን በትክክል ከመለየት ነው። ትንፋሼ ያጥረኛል የሚል ሰው ሳንባው ሊሆን ይችላል፣ ልቡም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ሌሊት በሦስት ትራስ ካልሆነ መተኛት ያቃተው፣ ተኝቶ በድንገት ታፍኖ የሚነሳ፣ እግሩ የሚያብጥ ሰው ልቡ መታየት አለበት። ደረቱ የሚያፏጨው፣ አቧራና ብርድ የሚያስነሳበት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመላለስበት ደግሞ ወደ አስም ያዘነብላል። መለያው ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ቁስል ምክንያት የመጣ የልብ በር መጥበብ ያለባቸው ወጣቶች ደም የቀላቀለ አክታ እየተፉ፣ እያሳሉ፣ አስም ወይም ነቀርሳ ነው ተብለው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ትንፋሽ የሚለካው ስፓይሮሜትርና የልብ አልትራሳውንድ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ እንደ ልብ አይገኙም፤ የግፊት መለኪያና በጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ግን በየጤና ጣቢያው ሊኖሩ የሚችሉ ናቸው።

መድኃኒቶቹም እርስ በርስ ይነካካሉ። ፕሮፕራኖሎል ለልብና ለግፊት የሚታዘዝ የቆየ መድኃኒት ነው፤ አስም ላለበት ሰው የአየር ቧንቧን አጥብቦ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። በዚህ ፍርሃት ብዙ የሲኦፒዲ ሕሙማን ለልባቸው የሚያስፈልጋቸውን የዚህን ቤተሰብ መድኃኒት በሙሉ ተከልክለው ኖረዋል። እንደ ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ፣ በዋናነት ልብ ላይ የሚሠሩት ግን የልብ ምክንያት ላለው የሲኦፒዲ ሕመምተኛ በሐኪም ክትትል ሊሰጡ ይችላሉ። ለግፊት የሚወሰደው ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ የማያቋርጥ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሳሉ እንደ ሳንባ ሕመም ተቆጥሮ ሌላ መድኃኒት ይጨመርበታል። ሳልቡታሞል አየር ቧንቧን ወዲያው ይከፍታል፣ ግን ልብን ያስሮጣል። ደጋግሞ መሳብ ካስፈለገ ሕመሙ አልተያዘም ማለት ነው፤ ቁጣውን የሚያበርድ የሚሳብ መድኃኒት ያስፈልጋል። ለዚህም ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል በአንድ ላይ ያሉበት ኢንሄለር በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ትንፋሽ ሲያጥር ያለ ማዘዣ ፕሬድኒሶሎን ገዝቶ እየዋጡ መክረም ግፊትንና ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ሳንባን ለማስታገስ ልብን መክፈል ይሆናል።

ከመድኃኒት ሌላ ክትባትም አለ፤ ጉዳዩ በተለይ በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ይጠቅማል፤ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እዚያ በየዓመቱ ይሰጣል። በካናዳ ኦንታሪዮ የተሠራና በ2018 የታተመ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም በ6 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። በ2021 የወጣ ሙከራ ደግሞ የልብ ሕመም ደርሶባቸው ክትባቱን ወዲያው የተከተቡ ሰዎች በዓመቱ ውስጥ የሞት መጠናቸው 2.9 በመቶ ሲሆን፣ ያልተከተቡት 4.9 በመቶ እንደነበር አረጋግጧል። ከኢትዮጵያ ለጉብኝት የመጡ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ወላጆች ካሉ፣ የብርድ ወራት ሳይገቡ ማስከተብ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ብሶበት ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ፣ ቀጣዩ ወር ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ከመውጣቱ በፊት ግፊቱን፣ ስኳሩንና የልብ ምቱን ያስለካ፤ የልብ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። የግፊት መድኃኒት ካለው ተሻለኝ ብሎ እንዳያቋርጥ። ቤተሰቡ በዚያ ወር ከማድ ቤቱ ጭስ ያርቀው፤ ጋጋሪዋ ራሷ ከሆነች ሌላ ሰው ይጋግርላት። ደረቱን ጨምድዶ ከያዘው፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ኢንሄለር ደጋግሞ እየሳበ እስኪለቀው መጠበቅ የለበትም። ደም ሥር በመዘጋቱ ለሚመጣ ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ልብ ብሎ ይዞ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ነው።